ጠፍሩ ሳይደርቅ

በዕድሜ የምትስተካከሉኝ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያየሁት መከራ ዳግመኛ በእናንተ ደጃፍ ሲያንዣብብ እያየሁ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው። ልጆች ሳለን እናቶቻችን ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲያስነቅሉ አይተናል። የዓይን ማዝ የምንለው ትራኮማ በልጅነታቸው ደጋግሞ ቆጥቁጦ፣ ደጋግሞ አቅልቶ፣ ከዓይን ቆባቸው ሥር ጠባሳውን ትቶ ሄዶ ነበር። እነርሱ ድነናል ብለው ጎጆ ወጡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ዘመን አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ነበር ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ እየሳበ የገዛ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን መፋቅ የጀመረው። ያኔ ቁጣው ከበረደ ቆይቶ ነበር፤ የቀረው ጥፋቱ ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለ ሌላ ደዌ ቢሆንም አመጣጡ ያንኑ ይመስላል፤ በዝምታ ያብጣል፣ በዝምታ ይበርዳል፣ ከበረደ በኋላ ግን የወሰደውን አይመልስም።

ይህኛው ከዓይን ኳስ ውስጥ የሚነሣ አይደለም። ከኳሱ ኋላና ዙሪያ የሚነሣ፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ ብግነት ሲሆን ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩትን ጡንቻዎች አሳብጦ አቅም ያሳጣቸዋል። ብዙውን ጊዜ ሥሩ አንገት ላይ ካለችው ከታይሮይድ ዕጢ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ እርጅና እንለዋለን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጥቁር መነጽር ሳያወልቅ የሚቀመጠውን፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ የሚውለውን፣ ሰው ሲጠራው ዓይኑን ሳይሆን አንገቱን በሙሉ የሚያዞረውን እናያለን፤ ነፋስ መታኝ ሲል እናምነዋለን፣ ሞራ ነው፣ ይብሰልና እገፈፋለሁ ሲልም እናምነዋለን። እንዲህ እየተማመንን ስንቱ ወር ያልፋል።

በሰፈሬ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር አለ። መጀመሪያ ጠዋት ሲነሣ ቆቦቹ አብጠው፣ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረው ነበር። ቀጥሎ አንደኛው ዓይኑ ከሌላው ፈጠጥ አለ፤ የሩቅ ዘመድ ምን አስደነገጠህ ብሎ ሲጠይቀው የቤቱ ሰዎች ሳቁ እንጂ አልደነገጡም። ከዚያ ዳዊቱን ሲደግም አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ መጽሐፉን ዝቅ አድርጎ መያዝ ጀመረ። ቡና ሲቀዳ ከስኒው ጎን ረከቦቱ ላይ እያፈሰሰ፣ የልጅ ልጁ ስኒውን ወስዳ ከጀበናው አፍ ሥር ትይዝለት ነበር። ደረጃ ሲወርድ ሁለት ጠርዝ ስለሚታየው በእግሩ ጣት እየዳበሰ ነበር የሚወርደው። ሌሊት ቆቦቹ አልገጥም ስላሉ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ይተኛል፤ ባለቤቱ ነጠላ ጣል ታደርግለታለች። እርሱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተሸከመው፤ ትዕግሥት በጎ ነገር ሆኖ ሳለ በዚህ ቦታ ግን ያለ አገባቡ ገባ። ወደ ዓይን ሐኪም ሲወሰድ ሁለት ክረምት አልፎ ነበርና ሐኪሙ ቁጣው በርዷል፣ አሁን ለመድኃኒቱ የቀረ ሥራ የለም አለው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳችሁ፤ የነገሩን አሠራር ያወቀ ሰው ይቀልልኛል ብሎ አይዘናጋምና። እያንዳንዱ ዓይን የተቀመጠበት የአጥንት ጉድጓድ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቤት ነው፤ ግድግዳው አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። በዚያ ውስጥ የዓይን ኳስ፣ የእይታ ነርቭ፣ ስብና ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ 6 ጡንቻዎች ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሰውነታችን ከጠላት እንዲጠብቀን የተሠራው መከላከያ በአንዳንድ ሰው ላይ መንገዱን ስቶ የታይሮይድን ዕጢ ማጥቃት ይጀምራል፤ ዕጢዋ ላይ የሚያነጣጥረው ምልክት ከዓይን ኋላ ባለው ሥጋ ላይም ስለሚገኝ ጥቃቱ እዚያ ይደርሳል። ጡንቻው ውሃ ይቋጥራል፣ ይወፍራል፣ ስቡም ያብጣል፤ ቦታ ሲጠብ ኳሱ ወደ ፊት ይገፋል። ከ6ቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመታው ከኳሱ ሥር ያለው ነው፣ ቀጥሎ በአፍንጫ በኩል ያለው። የሥረኛው ሲያብጥና ሲገተር ዓይን ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል፤ መምህሩ አገጩን ቀና አድርጎ ያነብ የነበረው ለዚህ ነው፣ ዓይኑ የነፈገውን በአንገቱ ሊያሟላ። እርጥብ ጠፍር በወጠሩት በኩል እሺ ብሎ ይለጠጣል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ቢያስሩትም ቢፈቱትም በደረቀበት ቅርጽ ይቀራል፤ ይህም ጡንቻ ብግነቱ ትኩስ ሳለ የሚታከም ነው፣ ጠባሳ ከሆነ ግን መድኃኒት አይገባውም።

የአንገቱና የዓይኑ ዝምድና አዲስ ዕውቀት አይደለም። አየርላንዳዊው ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ በ1840 የልብ ምት መፍጠንን፣ የአንገት ማበጥንና የዓይን መፍጠጥን በአንድነት አይተው ጽፈውታል፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በአንዱ አገር በግሬቭስ፣ በሌላው በባዜዶ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ ፍራንሲስ ራንድል የተባለ ሐኪም የዓይኑን ሕመም አካሄድ ተከታትሎ ለወራት እየባሰ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ባለበት ይረጋል ሲል አሳየ። የሚቆጣበት ወቅት እንደ ሰዉ ይለያያል፤ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ቢሆን ነው። እኔ ስለ ዕድሜ እኩዮቼ ሳስብ ልቤን የሚያሳዝነው ይህች ወቅት ናት። ለእኛ ሁለት ዓመት ማለት የልጅ ሰርግ እስኪያልፍ፣ ጡረታው እስኪስተካከል፣ ክረምቱ እስኪወጣ ብለን የምንጥለው ጊዜ ነው፤ ለጡንቻው ግን የሕይወቱ ሙሉ ዕድል ነው። ደግሞም ሕመሙ በሴቶች ላይ ቢበዛም በወንዶችና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይከፋል፤ በሽማግሌ ዓይን አንዳንዴ መፍጠጥ ሳይታይ ሁለት ሁለት ሆኖ ማየት ብቻውን ይመጣልና ሁሉም ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል።

አሁን ወደሚያሳፍረን ጉዳይ ልምጣ። ከመካከላችን በወታደር ቤት፣ በሌሊት ተረኛነት፣ በተማሪ ቤት ሲጋራ የጀመሩ አሉ፤ ያቆሙም ያላቆሙም። ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሰምቶ አልፎታል። ይህን ግን ጥቂቶች ናቸው የሰሙት፤ የግሬቭስ ሕመም ያለበት ሰው ሲያጨስ ብግነቱ ወደ ዓይኑ የመውጣቱ ዕድል እጅግ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከኔዘርላንድ የወጣ ጥናት አጫሾች በዚህ የዓይን ሕመም የመያዝ ዕድላቸውን ከማያጨሱት ከ7 እጥፍ በላይ አድርጎ አስቀምጦታል። ብዙ ባጨሰ ቁጥር ይብሳል፣ መድኃኒት ሲሰጠውም ዓይኑ እንደማያጨሰው ሰው አይመለስለትም። ማቆም ግን ይጠቅማል፣ ዘግይቶም ቢሆን። ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ማቆም ምን ይፈይዳል የሚል ወንድም አለኝ፤ እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ሳንባህ የሃምሳ ዓመት ዕዳ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፣ ዓይንህ ግን የሚጠይቅህ የዛሬውን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ በየበርጫው ቤት መስኮት ተዘግቶ ጭሱ እንደ ጉም ሲተኛ ግን አዋጁን የሚያስታውስ የለም። ራሳችሁ ባታጨሱ እንኳ በዚያ ጭስ ውስጥ ከቀትር እስከ ማታ መቀመጥ ዓይኑን ለታመመ ሰው አይበጅም።

ሌላው ግዴለሽነት በታይሮይድ ኪኒን ላይ ነው። ታይሮይዱ ያለ ልክ የሚሠራ ሰው እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይችልም፤ ያረጀ ሰው ላይ ግን ክሳትና ሥርዓቱን የሳተ የልብ ምት ብቻ ሊታይ ይችላል። ኪኒን ይጀመርለታል፣ በሁለት ሦስት ወር ልቡ ይረጋል፣ ሥጋው ይመለሳል፣ እርሱም ዳንኩ ብሎ ኪኒኑን ከመሳቢያ ይከተዋል። የዕጢዋ ሥራ ያለ ልክ ሲበዛም ያለ ልክ ሲያንስም ዓይን ይጎዳል፤ በየጊዜው ደም እየተመረመረ በልኩ መቆየት አለበት። እንቅርታቸውን በጨረር አመንጪ አዮዲን ሊታከሙ የተቀጠሩም ዓይናቸው ውስጥ የሚሰማቸውን ለዚያው ሐኪም አስቀድመው መናገር ይገባቸዋል፤ ያ ሕክምና የዓይኑን ብግነት ሊያብስ ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ የሚከላከልበት መንገድ አለው። እንቅርት ሁሉ ይህን ደዌ እንደማያመጣም እወቁ፤ በአዮዲን እጥረት የሚመጣው የደጋው እንቅርት ሌላ ነው። አንገታቸው ላይ ምንም ሳይታይ ዓይናቸው የሚታመምም አሉ።

ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው አለ። ጎረቤትን ያዳነው ጠብታ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ጠብታ፣ ለአስም የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን። የስቴሮይድ ጠብታ መቅላቱን ያበርዳል፣ ከኳሱ ኋላ ወዳበጠው ጡንቻ ግን አይደርስም፤ ለረጅም ጊዜ ሲንጠባጠብ ሞራና ግላኮማ ያመጣል። ኪኒኑም ቢሆን በግምት ተጀምሮ በግምት ሲቆም ስኳርንና ደም ግፊትን ያናውጣል፣ ብግነቱንም መልሶ ያስቆጣል። ቅንድብ የሚያስበጡም አልጠፉም፤ የሚፈስሰው ደም ከቆዳ ነው፣ ብግነቱ ያለው ከአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ። ስለ ጠበል ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም፣ እኔም የምጠመቅ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ጠበል ገብቻለሁ ብሎ ኪኒኑን የሚተው ሰው ይህን ያዘዘው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ፤ ብዙ አባቶች መድኃኒታችሁን ሳትተዉ ተጠመቁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ ሁሉ ወዴት ያደርሳል? በጎው መጨረሻ ጠባሳ ነው። ዓይኖች አንድ ላይ አልሄድ ብለው አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይቀራሉ፤ ሰውየው አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ይኖራል፣ መኪና መንዳት ይተዋል፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ደግሞ እንጀራቸውን ያጣሉ። ደረጃ የሳተ ሽማግሌ ዳሌው ይሰበራል፤ በእኛ ዕድሜ ከዳሌ ስብራት ተነሥቶ እንደ ድሮው የማይሄድ ብዙ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ከ100 ታማሚዎች 5 ያህሉ ላይ ያበጡት ጡንቻዎች ከጉድጓዱ ጫፍ የእይታ ነርቭን ይጨብጣሉ፤ ፈጥኖ ካልታከመ ብርሃኑ ይጠፋል። ይህ ሲጀምር ቀለም ይደበዝዛል። አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የሰንደቅ ዓላማችንን ቀይ እዩ፣ ከዚያ በሌላው እዩት፤ በአንዱ ደብዝዞ ከታያችሁ ነገን አትጠብቁ። ቆብ ሳይገጥም የሚያድር ዓይንም መስተዋቱ ደርቆ ይቆስላል፣ ቁስሉ ከተመረዘ ዓይኑ ይፈስሳል። ከሁሉ ደግሞ ሰው የማይናገረው ኀዘን አለ፤ ፊት ይለወጣል። መምህሩ ከእድር ስብሰባ የቀረው ማየት ስላቃተው ብቻ አልነበረም፣ ልጆች ስለሚፈሩት ነበር።

አሁንም ጊዜ አለ ብዬ ስናገር ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ቡሽ ባለቤት ባርባራ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ቤተ መንግሥት በገቡበት ዓመት ይኸው የግሬቭስ ሕመም ተገኘባቸው፤ ዓይናቸው እየቀላና እያበጠ፣ ነገርም ሁለት ሆኖ እየታያቸው ተቸገሩ፣ በመድኃኒትና በዓይን ዙሪያ በሚሰጥ ጨረር ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው ልባቸው ሥርዓቱን ስቶ ሲመታ ያው ሕመም ተገኘባቸው። እነዚያ ሰዎች በዓለም ላይ አለ የተባለ ሐኪም በዙሪያቸው ነበር፤ የእኛ እጅ አጭር ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ በፊት የጠቀማቸው ነገር በጊዜ መታየታቸው ነበር፣ በጊዜ መታየት ደግሞ በእኛም እጅ አለ። ብግነቱ ትኩስ ሳለ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ለሆነው ሕመም በደም ሥር የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ይሰጣል፣ ስኳር፣ ግፊትና ጉበት እየታዩ። ሕመሙ ቀላል በሆነባቸው ሰዎች ላይ ሴሊኒየም ለ6 ወር ቢወሰድ እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የአውሮፓ ሐኪሞች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ ቴፕሮቱሙማብ የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ዋጋው ግን ለአንድ ሰው በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነውና ለብዙዎቻችን ከወሬ አያልፍም። ሁለት ሆኖ ለሚታየው ፕሪዝም ያለው መነጽር ይታዘዛል። ቀዶ ጥገናው የሚመጣው ሁሉም ከረጋ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የጉድጓዱ አጥንት ይሰፋል፣ ቀጥሎ ጡንቻው ይስተካከላል፣ በመጨረሻ ቆቡ። ጡንቻ ሲስተካከል የሚፈለገው ፊት ለፊትና ወደ ታች፣ ማለትም ለመሄድና ለማንበብ፣ አንድ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ እንደ ቀድሞው በሁሉ በኩል እንዲዞር ማድረግ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ሁለት ሆኖ የታያችሁ ሁሉ ይህ ደዌ አለባችሁ አልልም። አንድ ዓይን ሸፍኑና እዩ፤ አንዱን ስትሸፍኑ ነገሩ አንድ ከሆነ፣ ችግሩ ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው አለመሄዳቸው ነው፤ አንዱን ሸፍናችሁም ድርብ ሆኖ ከታያችሁ ሞራ ወይም የመስተዋቱ ችግር ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች የዓይን ነርቭ በድንገት ሊደክም ይችላል። ቆቡ ሲመሽ የሚወድቅ፣ ሲያርፍ የሚመለስ ከሆነ ሌላ የጡንቻ ድካም አለ። በድንገት፣ ከከባድ ራስ ምታት ወይም ከአፍ መጣመምና ከእጅ እግር መዛል ጋር የመጣ ከሆነ ግን የዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ቀስ ብሎ የመጣባችሁ፣ ጠዋት የሚያብጥባችሁ፣ ዓይናችሁን ስታዞሩ ከኋላው የሚያማችሁ ሰዎች በዚህ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ የታይሮይድ የደም ምርመራ እንዲታዘዝላችሁም ጠይቁ። ስትሄዱ የቀድሞ መታወቂያችሁን ወይም ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት የተነሣችሁትን ፎቶ ያዙ፤ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም በየቀኑ ስለምትተያዩ ያልታየውን ለውጥ ሐኪሙ በፎቶው ያየዋል። የምትወስዱትን ኪኒንና ጠብታ ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ አቅርቡ። ሐኪሙ ታጨሳላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ልጃችሁ አጠገባችሁ ቢቀመጥም እውነቱን ንገሩት፤ የሚያዝላችሁን የሚወስነው በዚያ መልስ ጭምር ነውና።